የመረጃ ደላሎችን በየትኛው ሕግ እንያዛቸው? የአማራጮች ንጽጽር

ስልካችሁ ላይ የጫናችሁት የአየር ጠባይ መንገሪያ አፕ የት እንዳደራችሁ ሊያውቅ ይችላል። እዚያው ቢቀር አንድ ነገር ነው። ጣጣው የሚመጣው መረጃውን ለሌላ ሲሸጠው ነው። ገዢው ስሙን እንኳ ሰምታችሁ የማታውቁት ድርጅት ነው። ከእናንተ ጋር ውል የለውም፣ አገልግሎትም አይሰጣችሁም። ሥራው የሰውን መረጃ ከየቦታው ለቃቅሞ፣ አገጣጥሞ መሸጥ ነው። የመረጃ ደላላ የምንለው እሱን ነው።

ስፋቱን ለመገመት አንድ ሰነድ ይበቃል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2014 ባወጣው ሪፖርት ዘጠኝ የመረጃ ደላሎችን መርምሮ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ከዘጠኙ አንዱ የ1.4 ቢሊዮን ግብይቶች መረጃ ይዞ ተገኝቷል። ሌላው ደግሞ ስለ እያንዳንዱ አሜሪካዊ ሸማች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ 3,000 ዓይነት መለያ ነበረው። ሪፖርቱ ከጠቀሳቸው መደቦች መካከል ልጅ የሚጠብቁ ወላጆችና ስለ ስኳር በሽታ የሚከታተሉ ሰዎች የሚሉ ይገኙበታል። ሰዎቹ ለማንም አልተናገሩም። ከግዢያቸውና ከፍለጋቸው ተገምቶ ነው የተመደቡት።

ይህን ሥራ ሕግ ይግዛው በሚለው ብዙ ሰው ይስማማል። ክርክሩ የሚነሳው በየትኛው ሕግ የሚለው ላይ ነው። አማራጮቹ ብዙ ናቸው፤ ከሩቅ ሲታዩም ይመሳሰላሉ። አንዱን ከሌላው የሚለየውን አውቃችሁ ረቂቅ ሕግ ላይ አስተያየት እንድትሰጡ፣ ወይም የተመረጠላችሁን ሕግ እንድትመዝኑ ነው ይህን የምጽፈው።

በምን እንለካቸው?

እኔ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው። ሥራውን የሚሠራው ማን ነው፣ ሰውየው ወይስ ድርጅቱ? ሕጉ ከእናንተ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን ድርጅት ይደርስበታል? መረጃው አንዴ ከተሸጠ በኋላ ቅጂዎቹን ይከተላቸዋል? ሕጉ ቢጣስስ ማን ይጠይቃል?

ከአራቱ ለእኔ ዋናው የመጀመሪያው ነው። የመረጃ ደላሎች ብዙ ናቸው፣ እናንተ አንድ ናችሁ። እነሱ የሕግ ክፍል አላቸው፣ እናንተ ከሥራ በኋላ የምትተርፍ ግማሽ ሰዓት አለቻችሁ። ሸክሙን ሰውየው ላይ የሚጥል ሕግ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን የሚጠቅመው ጊዜና እውቀት ያለውን ጥቂት ሰው ብቻ ነው። አማራጮቹን ስናልፍ ይህንን ልብ በሉ።

ፈቃድ መጠየቅ

በጣም የተለመደው መንገድ ይህ ነው። ድርጅቱ መረጃችሁን ከመውሰዱ በፊት ይጠይቃል፣ እናንተ እስማማለሁ ወይም አልስማማም ትላላችሁ። ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ሰውን እንደ አዋቂ ያያል፣ ምርጫውን ያከብራል።

በተግባር ግን ማንም አያነብም፤ ይህ ደግሞ ስንፍና አይደለም። በ2008 ሁለት የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ አንድ ሰው የሚጎበኛቸውን ድረ ገጾች የግላዊነት ፖሊሲ በሙሉ ላንብብ ቢል በዓመት ከ200 ሰዓት በላይ እንደሚወስድበት አስልተዋል። ያኔ ዛሬ ስልካችን ላይ የተደረደረው አፕ ሁሉ ገና አልነበረም።

ከማንበቡ የሚብሰው ሌላ ነገር አለ። እስማማለሁ የምትሉት ለአፑ ነው። መረጃው ግን ከአፑ ወደ ማስታወቂያ ድርጅት፣ ከዚያ ወደ ደላላ፣ ከደላላው ወደ ሌላ ደላላ ይሄዳል። አምስተኛው ገዢ ጋ ሲደርስ የእናንተ ፈቃድ የቱ ጋ ነው ያለው? የቤልጂየም የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2022 የአውሮፓ የኢንተርኔት ማስታወቂያ ማኅበር የዘረጋውን የፈቃድ መሰብሰቢያ ሥርዓት ሕግ ጥሷል ብሎ 250,000 ዩሮ ቀጥቷል። ድረ ገጽ በከፈታችሁ ቁጥር ከሚደነቀሩት የፈቃድ መጠየቂያ ሳጥኖች ብዙዎቹ በዚያ ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው። ሰዎች ምን ላይ እንደተስማሙ በግልጽ አልተነገራቸውም ነው የባለሥልጣኑ አቋም።

ደግሞም ስለ ሌላው ሰው ማን ይፈቅዳል? የስልክ ማውጫዬን ለአንድ አፕ ስሰጥ የወዳጆቼን ሁሉ ቁጥር አብሬ ሰጠሁ። የዘረመል ምርመራ ያደረገ ሰው ሳያውቀው የወንድሙንም ያስመረምራል።

የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር የሚባለውና ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራው፣ ፈቃድን ጠበቅ አድርጎ ነው የያዘው። ፈቃዱ በነፃነት የተሰጠ፣ ለተለየ ዓላማ የሆነ፣ ለመስጠት የቀለለውን ያህል ለመሻርም የሚቀል መሆን አለበት። መረጃውን ከእናንተ ሳይሆን ከሌላ ያገኘ ድርጅት ቢበዛ በአንድ ወር ውስጥ እንዲያሳውቃችሁም ያስገድዳል። ይህ ደላሎችን በቀጥታ የሚመለከት ጥሩ አንቀጽ ነው። ቅጣቱም ከባድ ነው፤ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ፣ ወይም ድርጅቱ በዓለም ዙሪያ ከሚያስገባው ዓመታዊ ገቢ እስከ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው።

ነገር ግን ሕጉ ከፈቃድ ሌላ በር አለው። ድርጅቱ ሕጋዊ ጥቅም አለኝ ብሎ፣ ጥቅሙም ከእናንተ መብት ጋር ተመዝኖ ካለፈ፣ ያለ ፈቃድ መሥራት ይችላል። ሚዛኑን መጀመሪያ የሚይዘው ድርጅቱ ራሱ ነው። የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር ቢሮ በ2020 ኤክስፒሪያን የተባለው ድርጅት ለገበያ ሥራ መረጃ የሚያገጣጥምበትን መንገድ እንዲያስተካክል አዝዞ ነበር። ድርጅቱ ይግባኝ አለ። በ2023 ልዩ ፍርድ ቤቱ በአብዛኛው ለድርጅቱ ፈረደ፣ በ2024ም የኮሚሽነሩ ይግባኝ ውድቅ ሆነ። ሰፊ መርሆ ያለው ሕግ ሁሉን ይነካል፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ምን ማለት እንደሆነ እስኪለይ ዓመታት በፍርድ ቤት ያልፋሉ።

ስለዚህ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም ባይ ነኝ። እንደ መነሻ ይኑር፣ ግን ዋና ምሰሶ አድርጎ የሚያቀርብ ረቂቅ ስታዩ ጠርጥሩ።

"አትሽጡብኝ" የማለት መብት

ይህ ፈቃድን ይገለብጠዋል። ድርጅቱ ሳይጠይቅ ይሰበስባል፣ ይሸጣልም፤ እናንተ ካልፈለጋችሁ ተው ትሉታላችሁ። በ2018 የወጣውና ከጥር 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የካሊፎርኒያ ሕግ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ድርጅቶች ይህን ይወዱታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አብዛኛው ሰው ምንም ካላደረገ ንግዱ ይቀጥላል።

ተው ለማለት ማን እንደያዛችሁ ማወቅ አለባችሁ። ከዚያ ለእያንዳንዱ መጻፍ፣ ቅጽ መሙላት፣ ማንነታችሁን ማረጋገጥ ይከተላል። በካሊፎርኒያ የተመዘገቡት ደላሎች 500 ገደማ ናቸው። 500 ቅጽ የሚሞላ ማን ነው? የሚሞላ ቢገኝ እንኳ ቅጹን ያገኘዋል ወይ? በ2025 ካልማተርስና ዘ ማርክአፕ የተባሉ የዜና ተቋማት ባደረጉት ምርመራ፣ 35 ደላሎች የመሰረዣ ገጻቸው በኢንተርኔት ፍለጋ እንዳይወጣ የሚያደርግ ኮድ አስገብተው አግኝተዋል። ገጹ አለ፣ ሕጉ ተከብሯል፣ ሰው ግን አያገኘውም። እኔን የሚያናድደኝ እንዲህ ያለው ነው።

ይህን አማራጭ የሚያድነው አንድ ነገር አለ። እያንዳንዱን ድርጅት ከመለመን፣ የድር ማሰሻችሁ በየሄዳችሁበት ሁሉ "አትሽጡብኝ" የሚል ምልክት በራሱ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። ካሊፎርኒያ ይህን ምልክት ማክበር ግዴታ ነው ብላለች። በ2022 ሴፎራ የተባለው የመዋቢያ ዕቃ ሻጭ ምልክቱን ባለማክበሩና መረጃ እንደሚሸጥ ባለመግለጹ ተከሶ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ምልክቱ ግን የሚሠራው የምትጎበኙት ድረ ገጽ ላይ ነው። ጎብኝታችሁት የማታውቁት ደላላ ጋ አይደርስም።

ሁለቱን ካነጻጸርን፣ ቀድሞ ማስፈቀድ "አትሽጡብኝ" ከማለት ይሻላል። ሰው ምንም ሳያደርግ ሲቀር የሚጠበቅ ከሆነ ሕጉ ለብዙኃኑ ይሠራል። ሁለቱም ግን ሥራውን በሰውየው ትከሻ ላይ ይተዉታል።

ምዝገባ

ቨርሞንት የመረጃ ደላሎችን በስም ለይቶ ሕግ በማውጣት ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ቀዳሚዋ ናት፤ ዘመኑም 2018 ነው። ሕጉ ደላሎች በየዓመቱ እንዲመዘገቡና አሠራራቸውን እንዲገልጹ ያዛል። ካሊፎርኒያ በ2019፣ ቴክሳስና ኦሬገን በ2023 ተከትለዋል።

ምዝገባ ርካሽ ነው። ትንሽ መሥሪያ ቤትም ሊያስፈጽመው ይችላል። ጋዜጠኛና ተመራማሪ መነሻ ዝርዝር ያገኛል። ጉድለቱ ደግሞ ምንም አለመከልከሉ ነው። ተመዝግቦ እንደ ድሮው መሸጥ ይቻላል። በቨርሞንት ሳይመዘገብ የቀረ ድርጅት ላይ የተጣለው ቅጣት በቀን 50 ዶላር ሲሆን በዓመት ከ10,000 ዶላር አያልፍም ነበር። ለትልቅ ድርጅት ይህ ምንም አይደለም።

ሆኖም ምዝገባን አትናቁት። ቀጥሎ የማነሳው ያለ እሱ አይቆምም።

በአንድ ጊዜ ከሁሉም ጋ ማስሰረዝ

ከሁሉ በላይ ተስፋ የማደርግበት አማራጭ ይህ ነው። ካሊፎርኒያ በጥቅምት 2023 የመሰረዝ ሕግ የሚባለውን አጸደቀች። ሐሳቡ ቀላል ነው። መንግሥት አንድ የኢንተርኔት መድረክ ያዘጋጃል። ነዋሪው አንዴ ገብቶ ሰርዙኝ ይላል። የተመዘገቡት ደላሎች በሙሉ መድረኩን እየከፈቱ ዝርዝሩን ማየትና መሰረዝ ግዴታቸው ነው። መድረኩ በጥር 2026 ለሕዝብ ተከፍቷል። ደላሎች መሰረዝ እንዲጀምሩ የተቀመጠላቸው ጊዜ ደግሞ ነሐሴ 2026 ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ45 ቀኑ ይመላለሳሉ። ላልተፈጸመ እያንዳንዱ ጥያቄ ቅጣቱ በቀን 200 ዶላር ነው። ከ2028 ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ በገለልተኛ ወገን ኦዲት ይደረግባቸዋል።

የ45 ቀኑ ነገር ትንሽ ዝርዝር ይመስላል እንጂ የሕጉ ልብ እሱ ነው። ዛሬ የተሰረዘ መረጃ በወሩ ከሌላ ምንጭ ተገዝቶ ተመልሶ ይገባል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስሰርዝ ሕግ ቀዳዳ ባለው ጀልባ ውስጥ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። እየተመላለሰ የሚያስሰርዝና አዲስ የገባውንም እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ ግን ቀዳዳውን ይደፍናል። የሌላ አገር ረቂቅ ላይ መሰረዝ የሚል ቃል ስታዩ፣ ቀጥሎ "ተመልሶ ቢገባስ?" ብላችሁ ፈልጉ።

ጉድለቶችም አሉት። መጀመሪያ፣ ሰርዙኝ ለማለት ማንነታችሁን መግለጽ አለባችሁ። መንግሥት የሚሰበስበው ዝርዝር ራሱ ሌላ የመረጃ ክምችት እንዳይሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የካሊፎርኒያው መድረክ ስምና ስልክ ቁጥርን ተመልሶ ወደማይነበብ ኮድ ቀይሮ ነው ለደላሎች የሚያቀርበው። ኮዱ ከራሳቸው መዝገብ ጋር ሲገጥም ይሰርዛሉ። ይህ ብልህ አሠራር ነው። የሚኮርጅ አገር ይህንን ክፍል ሳይዘነጋ ይኮርጅ።

ሁለተኛው ጉድለት የሚያርፈው ከእናንተ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት በሌላቸው ድርጅቶች ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ራሳችሁ ገብታችሁ የተመዘገባችሁበት አፕ ስለ እናንተ የያዘው መረጃ በዚህ መንገድ አይሰረዝም። ከሕዝብ መዝገብ የተወሰደ መረጃም ነፃ ነው። ሦስተኛው፣ ያልተመዘገበ ደላላ አይታይም። ለዚህ ነው ምዝገባ ከጠንካራ ቅጣት ጋር መምጣት ያለበት።

እንዲያም ሆኖ በመለኪያዬ ስመዝነው ብልጫ አለው። ሰውየው የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ የቀረው ሁሉ የድርጅቱ ሥራ ነው።

ዓላማውን መገደብ

አንዳንድ መረጃ ከናካቴው ይከልከል ማለት አይቻልም። ባንክ ለማያውቀው ሰው ብድር ሲሰጥ የክፍያ ታሪኩን ማየት ይፈልጋል። ለዚህ ዓይነቱ ጥሩው አማራጭ ማን፣ ለምን ማየት እንደሚችል በሕግ መዘርዘር ነው።

አሜሪካ በ1970 ያወጣችው የብድር ታሪክ ሕግ እንዲህ ነው የሚሠራው። ስለ ሰው የክፍያ ታሪክ የሚዘጋጀውን ሪፖርት ለብድር፣ ለቅጥር፣ ለመድንና ለጥቂት ሌሎች ዓላማዎች ብቻ መጠቀም ይቻላል። በሪፖርቱ ምክንያት የከለከላችሁ አካል መከልከሉን ሊነግራችሁ ይገባል። ስህተት ካለ ትከራከራላችሁ፣ ድርጅቱም አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለበት። ስለ ስህተት የሚጨነቅ ሕግ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሌሎቹ አማራጮች ስለ ሽያጭ ሲያወሩ፣ ይህ በተሳሳተ መረጃ ሥራ ስለተከለከለው ሰው ያስባል።

ችግሩ አዲሶቹ ደላሎች እኛ የብድር ሪፖርት አቅራቢ አይደለንም እያሉ ማምለጣቸው ነው። ስፖኬዮ የተባለው ሰው ፈላጊ ድረ ገጽ መረጃውን ለቀጣሪዎች ሲያቀርብ ተገኝቶ በ2012 800,000 ዶላር ከፍሏል። የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ብዙ ደላሎችን ወደዚህ ሕግ የሚያስገባ ደንብ በታኅሣሥ 2024 አቅርቦ ነበር። በግንቦት 2025 ራሱ አነሳው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ አዲስ ሕግ ሳያስፈልግ ብዙ ሰው ሊጠበቅ ይችል ነበር።

በዓይነቱ መከልከል

ሰው ፈቀደም አልፈቀደም መሸጥ የሌለበት መረጃ አለ? እኔ አለ ባይ ነኝ። ግንባር ቀደሙ ሰው የት እንደሄደ የሚያሳየው የመገኛ ቦታ መረጃ ነው።

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ በነሐሴ 2022 ኮቻቫ የተባለውን ድርጅት ሲከስ፣ የሚሸጠው መረጃ የሰውን ስልክ እስከ ክሊኒክ፣ እስከ አምልኮ ቤት፣ እስከ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች መጠለያ ድረስ ለመከተል ያስችላል ብሎ ነው። መጠለያ ውስጥ ያለች ሴት የሸሸችው ሰው ይህን ሊገዛ ቢችልስ? በጥር 2024 ደግሞ ኤክስ-ሞድ የተባለው ድርጅት እንዲህ ያሉ ጥንቃቄ የሚሹ ቦታዎችን የሚመለከት መረጃ እንዳይሸጥ ታዘዘ፤ በኮሚሽኑ ታሪክ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ እገዳ ነበር።

ድርጅቶች የሚሰጡት መልስ "ስም የለበትም" የሚል ነው። ይህን መልስ አትቀበሉት። በ2013 የታተመ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የስልክ እንቅስቃሴ ተመልክቶ፣ አራት ቦታና ሰዓት ብቻ ካወቃችሁ 95 በመቶ የሚሆኑትን ሰዎች ለይታችሁ ማውጣት እንደምትችሉ አሳይቷል። ሌሊት የሚያድርበትንና ቀን የሚውልበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ስም ምን ያደርግለታል? ስም የተነሳለት መረጃን ከሕጉ ነፃ የሚያደርግ አንቀጽ ካያችሁ፣ ቢያንስ ድርጅቱ መልሶ ለመለየት እንዳይሞክር፣ ገዢውም ያንኑ እንዳያደርግ የሚያዝ ሐረግ መኖሩን አረጋግጡ።

ሜሪላንድ በ2024 ያወጣችው ሕግ ጥንቃቄ የሚሻ መረጃ መሸጥን ቁርጥ አድርጎ ይከለክላል፤ ፈቃድ ቢኖርም እንኳ። ጤና፣ ሃይማኖት፣ ዘር፣ የሰውነት መለያ (እንደ ጣት አሻራና ፊት ቅርጽ ያለው)፣ ትክክለኛ መገኛ ቦታ ይገቡበታል። ፈቃድ የሚባለው ውጥንቅጥ እዚህ የለም። ለድርጅቱም ለዳኛውም ግልጽ ነው።

የዚህ አማራጭ ደካማ ጎን ዝርዝሩ ነው። ዝርዝር ውስጥ ያልገባ መረጃ የገባውን ሊያጋልጥ ይችላል። ሰው የገዛው መድኃኒት በሽታውን፣ የትዳር ጓደኛው ስም ሌላ ነገር ይናገራል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በነሐሴ 2022 ይህን አይቶ፣ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር የሚገመትበት መረጃም ጥንቃቄ እንደሚሻ መረጃ ይቆጠራል ብሏል። ረቂቁ "የተገመተ" የሚል ቃል ከሌለው ክልከላው ግማሽ ነው።

ለሰው ክፈሉት የሚለው ሐሳብ

መረጃው የእኔ ከሆነ ይከፈለኝ የሚል ክርክር በየጊዜው ይነሳል። ሐሳቡ ይማርካል፤ እኔ ግን አልደግፈውም። የአንድ ሰው መረጃ ለብቻው ዋጋው ጥቂት ሳንቲም ነው። ገንዘብ የቸገረው ሰው ቀድሞ ይሸጣል፣ ግላዊነት የሀብታም ነገር ይሆናል። እዚህ ላይ ከዚህ በላይ ጊዜ አላጠፋም።

ማን ያስፈጽም?

ብዙ ሰው የሕጉን መብቶች አንብቦ ይህንን ይዘለዋል። እኔ ረቂቅ ሳገኝ ከዚህ ነው የምጀምረው።

ሁለት ክፍለ ግዛቶችን እናነጻጽር። ኢሊኖይ በ2008፣ ቴክሳስ በ2009 የጣት አሻራንና የፊት ቅርጽን የሚጠብቁ ተቀራራቢ ሕጎች አውጥተዋል። የኢሊኖይ ሕግ ጉዳት የደረሰበት ሰው ራሱ እንዲከስ ይፈቅዳል፤ በቸልተኝነት ለተፈጸመ ጥሰት 1,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ 5,000። የቴክሳስ ሕግ መክሰስ የሚችለው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ብቻ ነው ይላል። ውጤቱስ? በኢሊኖይ ሰዎች ከሰሱ፤ ፌስቡክ 650 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የሰው ፊት ከኢንተርኔት የለቀመው ክሊርቪው በ2022 የፊት መረጃ ቋቱን በመላው አሜሪካ ለአብዛኞቹ የግል ድርጅቶች ላለመሸጥ ተስማማ። የቴክሳስ ሕግ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ ቆየ። በ2022 ዓቃቤ ሕጉ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፣ በ2024 የ1.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረሰ። የመንግሥት ክንድ ሲነሳ ከባድ ነው፤ እስኪነሳ ግን አንድ ትውልድ ሊያልፍ ይችላል።

የግል ክስም መዘዝ አለው። የኢሊኖይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2023 እያንዳንዱ የአሻራ ቅኝት ለብቻው ጥሰት ነው ሲል፣ ሠራተኛው በቀን ብዙ ጊዜ አሻራ የሚሰጥበት ድርጅት ላይ የሚጠየቀው ገንዘብ ከልክ አለፈ። ምክር ቤቱ በ2024 ካሳው በሰው እንዲቆጠር አሻሻለው። ከዚህ የምንወስደው፣ የግል ክስ ይፈቀድ፣ ጣሪያውም ከመጀመሪያው ይጻፍ የሚለውን ነው።

ተቆጣጣሪው ብቻ ያስፈጽም ከተባለ ሦስት ነገር ጠይቁ። በጀቱ ከየት ነው? ከደላሎቹ የምዝገባ ክፍያ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካሊፎርኒያ እንዲያ አድርጋለች። ኃላፊውን ማን ይሾማል፣ ማንስ ያነሳዋል? ተቆጣጣሪው ድርጅቱ ቢሮ ድረስ ሄዶ መዝገብ የማየት ሥልጣን አለው ወይ?

መንግሥት ራሱ ሲገዛ

ይህ ክፍል ከብዙ ረቂቆች ይጎድላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ፖሊስ የሰውን የስልክ እንቅስቃሴ ታሪክ ከስልክ ኩባንያ ለመውሰድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል ብሎ ወስኗል። ከደላላ መግዛት ግን ያን በር ያልፈዋል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ገዝተዋል። በ2024 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ደላሎች የዜጎችን ጥንቃቄ የሚሻ መረጃ ለቻይና፣ ለሩሲያ፣ ለኢራንና ለሰሜን ኮሪያ እንዳያስተላልፉ ከልክሏል። የራሱ መንግሥት ሲገዛስ? ሕጉ ዝም ካለ ዝምታው ፈቃድ ነው። የትም አገር ይሁን፣ መንግሥትን ነፃ የሚያደርግ አንቀጽ ለብሔራዊ ደኅንነት በሚል ስም ሲገባ፣ ቢያንስ ዳኛ ፊት መቅረብን የሚጠይቅ ሐረግ ይጨመርበት።

እና የትኛውን?

እንደ አገሩ አቅም ይለያያል። ምንም ሕግ የሌለበትና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ገና ያልተቋቋመበት ቦታ ከሆነ፣ በክልከላ ጀምሩ። የመገኛ ቦታ፣ የጤና፣ የሰውነት መለያና የሕፃናት መረጃ አይሸጥም የሚል አጭር ሕግ፣ ሰው ራሱ እንዲከስ ከሚፈቅድ አንቀጽ ጋር። ትልቅ ቢሮ አይጠይቅም፣ ፍርድ ቤት ካለ ይሠራል።

እንደ ጂዲፒአር ያለ አጠቃላይ ሕግ ላለበት ቦታ የሚጎድለው መብት ሳይሆን መሣሪያ ነው። እዚያ ምዝገባና የአንድ ጊዜ መሰረዣ መድረክ ጨምሩ። መብቱ ቀድሞ በወረቀት አለ፤ መድረኩ ወደ እጅ ያመጣዋል።

ተቆጣጣሪ ኖሮ አቅሙ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ሰፊ መርሆ አታሸክሙት። ግልጽ ክልከላ፣ በቀን የሚቆጠር ቅጣት፣ በደላሎች ወጪ የሚደረግ ኦዲት ስጡት።

በሦስቱም ቦታ የማይቀር አንድ አንቀጽ አለ፤ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የተሰበሰበው ምን ይሁን የሚለው። ብዙ ረቂቅ "ከዛሬ ጀምሮ" ብሎ ያልፈዋል። እንዲያ ከሆነ ለዓመታት የተከማቸው ሁሉ ሕጋዊ ሆኖ ይቀራል፣ ለነባሮቹ ድርጅቶችም ተፎካካሪ የማይደርስበት ሀብት ይሆናል። ረቂቁ ቀን ይቁረጥ። እስከዚያ ቀን ድረስ ምንጩንና ሕጋዊ መሠረቱን ማሳየት ያልቻለ ድርጅት የያዘውን ይሰርዝ፣ ለማን እንደሸጠም በዝርዝር ለተቆጣጣሪው ያስረክብ፣ ገዢዎቹም በዚያው ቀነ ገደብ እንዲሰርዙ ይገደዱ።